ትንሹ ባትሪ

አሰልጣኙ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ መኪናውን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ያቆምና የማስነሻውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ይጫናል። የመጀመሪያው መኪናውን ያጠፋዋል። ሁለተኛውን የሚጫነው ፍሬን ሳይረግጥ ነው፤ ያኔ መኪናው ሳይነሣ ሬዲዮው፣ ማራገቢያውና የጣሪያው መብራት ብቻ ይሠራሉ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ የጫማውን ማሰሪያ ያላላል፣ ቀኝ እግሩን በግራው ላይ ያነባብርና ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አይሠራም።

የሚደክመው ቀኝ እግሩ ነው። መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የማሠልጠኛው መኪኖች ከተማሪው ጎን ለሚቀመጠው ሰው የተሠራ ተጨማሪ ፍሬን አላቸው፤ ተማሪው መሪውን ይዞ ሲደነግጥ እሱ ይረግጣል። በቀን ስምንት ሰው ይደነግጥለታል። አንዳንዱ ይጮኻል፣ አንዳንዷ መሪውን ለቃ ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች፤ እሱ ግን ድምፁን ሳይለውጥ «ቀስ፣ ቀስ፣ ምንም አልሆነም» ይላል። ቀኑን ሙሉ ምንም አልሆነም ሲል የዋለ ሰው ሲመሽ ከአፉ ቃል ማውጣት ያስጠላዋል።

ቤቱ በግቢው ውስጥ ካሉት አራት ቤቶች የመጨረሻው ነው። ሁለት ክፍል ነው፤ በአንደኛው እሱና ሚስቱ፣ በሌላኛው አማቱ ይተኛሉ። ሚስቱ ልብስ ንጽሕና ቤት ውስጥ በካውያ ስትተኩስ ትውላለች፤ ቆማ ትውላለች ማለት ይሻላል። አማቱ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ታይፒስት ናቸው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በእግራቸው አይሄዱም፤ ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በቀኙም ላይ ሞራ ወጥቶበታል። ሁሉም ሰው አመሻሽ ላይ ደክሞት ነው እዚያ ሁለት ክፍል ውስጥ የሚገናኘው። ስለዚህ አሰልጣኙ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ትንፋሹን ልሰብስብ ይላል። ትንሿ ትንፋሽ ከክረምት በፊት አሥር ደቂቃ ነበረች። ቀስ በቀስ አንድ ሰዓት ሆነች።

ሚስቱን አልዋሻትም። አንድ ቀን ዘግይቶ ሲገባ «የማታ ተማሪ ጀመርክ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው፤ እሱም «እህም» አለ። ያቺ «እህም» በዚያው ጸንታ ቀረች።

መኪናውን ሙሉ በሙሉ አስነሥቶ የማይቀመጠው ቆጣቢ ስለሆነ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ቻርጅ የሚያደርገው ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ ተራ ጠብቆ ነው። ሬዲዮ ለመስማት ብሎ ያን ሁሉ ነገር ማስነሣት ብክነት መሰለው። ባለፈው ሳምንት ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት ብቅ ብሎ ባትሪው ዝቅተኛ ነው የሚል ጽሑፍ አሳይቶት ነበር። ከጽሑፉ ጎን ሰማንያ አንድ ከመቶ ይላል። ሰማንያ አንድ ዝቅተኛ ከሆነ ከፍተኛው ስንት ሊሆን ነው ብሎ በሆዱ ሳቀ፤ ምልክቱንም በጣቱ ገፋ አድርጎ አጠፋው።

ማክሰኞ የአማቱ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀን ነበር። ቀጠሮውን አራት ወር ጠብቀውታል። ሐኪሙ ሞራው እየጠጠረ ነው፣ ሌላ ግማሽ ዓመት ከቆየ ቢነካም ላይጠቅም ይችላል ብሏቸዋል። ካርዱ ላይ ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የመጣ ታካሚ ተራው እንደሚሰረዝና አዲስ ቀጠሮ እንደሚጠይቅ በደማቅ ቀለም ተጽፏል። አማቱ ካርዱን በልጃቸው አስነብበው «ይግባኝ የለውም» አሉ።

ሚስቱ የምትረሳው ነገር እንዳይኖር ብላ ሰኞ ማታ ሁሉንም መኪናው ውስጥ አስቀመጠችው፤ የቀጠሮ ካርዱን፣ የደም ምርመራውን፣ ስስ ብርድ ልብሱን። ተሽከርካሪ ወንበሩ ድሮም የሚያድረው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። ቤት ከገባ ከበሩና ከአልጋው መሐል ይሰነቀርና ሰው አያሳልፍም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አሰልጣኙ በሪሞቱ መኪናውን ለመክፈት ሞከረ። መኪናው ዝም አለ። ጠጋ ብሎ ደገመው። የበሩ እጀታዎች ከበሩ ጋር የተለሰኑ ዓይነት ናቸው፤ መኪናው ሲነቃ ብቻ ነው ብቅ የሚሉት። ብቅ አላሉም። የሪሞቱን ሆድ ከፍቶ ከውስጡ ቀጭኗን የብረት ቁልፍ አወጣና በሩን እንደ ድሮ ሰው ከፈተ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። የማስነሻውን ቁልፍ ቢጫነው፣ ፍሬን ረግጦ ቢጫነው፣ ለምኖ ቢጫነው ለውጥ የለም። ካርዱንና የምርመራውን ወረቀት ከኋላ ወንበር አነሣ። ዕቃ መጫኛው ግን የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ ተሽከርካሪው ወንበር እዚያ ውስጥ ነው። የኋላውን መቀመጫ አጥፎ በዚያ ሊያወጣው ሞከረ። አንዱ መንኮራኩር ወጣ፤ ሌላው አልወጣም። መልሶ አስገባው።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ «ባትሪው ሞቷል» አላት።

ሚስቱ ለእናቷ ካልሲ እያጠለቀችላቸው ነበር። አንዱን እግር እንደጨረሰች ሌላውን ካልሲ በእጇ እንደያዘች አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። መኪናውን የሸጠላቸው ሰው፣ ባትሪው ማለት መኪናው ማለት ነው፣ እሱ ከሄደ የሚተርፋችሁ አራት ጎማና ወንበር ነው ብሏቸው ነበር። ሁለቱም ያን አስታወሱ።

«ታክሲ ልጥራ» አለች።

«ወንበሩስ?»

የዓይን ክፍሉ ከሆስፒታሉ በር ሩቅ ነው፤ በረጅም ዳገታማ መተላለፊያ ነው የሚወጣው። የሆስፒታሉ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ገና ሳይነጋ ሰው ይይዛቸዋል። ባለፈው ለምርመራ ሲሄዱ አሰልጣኙ አማቱን በጀርባው አዝሎ ወጥቶ ለሳምንት ጎብጦ ነው የሰነበተው። አማቱም እንደገና ሰው ጀርባ ላይ ከመውጣት ታውሮ መቅረት ይሻላል ብለዋል። ሚስቱ ለማንኛውም ብላ ታክሲ ጠራች፤ አሰልጣኙም ሁለት መንገድ አልፎ ወዳለው የመኪና ኤሌክትሪሻን ደወለ። ኤሌክትሪሻኑን ሰፈሩ «ፊውዝ» ይለዋል፤ ምን ይዘው ቢመጡለት በመጀመሪያ ፊውዙን እንየው ስለሚል ነው።

ፊውዝ እስኪመጣ የግቢው ወንዶች ወጡ። አንዱ የጥርስ ብሩሹን እንደያዘ ነው የወጣው። ሊገፉት ነው። አሰልጣኙ ይህ መኪና ተገፍቶ የሚነሣ ዓይነት እንዳልሆነ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ እነሱ ደግሞ አንተ ብቻ መሪውን ያዝ አሉት። አምስት ሆነው ተደገፉት። የጎማው ማገጃ ተቆልፏልና መኪናው ንቅንቅ አላለም፤ ባለ ጥርስ ብሩሹ ሰውዬ ብቻ በጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ በጉልበቱ ተንበረከከ። አማቱ ጫጫታውን ከመስኮታቸው ሰምተው፣ ስንት ሆነው ነው የሚለምኑት ብለው ጠየቁ።

ፊውዝ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መለኪያውንና ቀይና ጥቁር ወፍራም ገመዱን በትከሻው አንጠልጥሎ በእግሩ ደረሰ።

«ባትሪው ሞቷል ነው ያልከኝ?»

«ሞቷል።»

«የትኛው?»

አሰልጣኙ «የትኛው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መኪና አንድ ባትሪ እንዳለው ሲያስተምር ነው የኖረው። ፊውዝ በሹፌሩ በኩል ያለውን መጎተቻ ስቦ የፊቱን ክዳን አነሣና ጥግ ላይ ያለች ጫማ ካርቶን የምታህል ጥቁር ባትሪ አሳየው። መለኪያውን ሁለቱ ጫፎቿ ላይ አሳረፈ። ስድስት ነጥብ ሁለት አለ። አሥራ ሁለት ማለፍ ነበረበት።

«ትልቁ ከወለሉ ሥር ነው፤ እሱ ደህና ነው» አለ ፊውዝ። «የሞተው ትንሹ ነው። በር የሚከፍተው፣ ስክሪን የሚያበራው፣ ትልቁን ተነሥ ብሎ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ትልቁን እንደ ሀብታም ቁጠረው፤ ይሄ ዘበኛው ነው። ዘበኛው በሩን ቆልፎ ከሞተ ሀብታሙ ውስጥ ተቀምጦ ምን ያደርጋል?»

«ክስ ይመሠርታል» አሉ አማቱ ከመስኮቱ።

ሚስቱ ትልቁ ደህና ነው የሚለውን ስትሰማ ከቤቱ ደጃፍ ወርዳ ወደ መኪናው ቀረበች። የእናቷ ጫማ በእጇ ነው። ፊውዝ ከባትሪዋ ቀና ሳይል መናገሩን ቀጠለ።

«ይሄ ደግሞ በአንድ ቀን የሞተ አይደለም። በየቀኑ እየተመጠጠ ነው የኖረው። ማነው እዚህ መኪና ውስጥ ሳያስነሣ የሚቀመጠው?»

ፊውዝ ጥያቄው ያልተሰማ መስሎት ደገመው፤ ሬዲዮ ከፍቶ፣ መብራት አብርቶ፣ ረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ሰው አለ ወይ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ አሰልጣኙ። «ሬዲዮ ብቻ ነው የምከፍተው። ባትሪ ልቆጥብ ብዬ ነው የማላስነሣው።»

ፊውዝ ሳቀ፤ ክፋት አልነበረበትም። «ሙሉ አስነሥተኸው ብትቀመጥ ኖሮ ትልቁ ትንሹን ይመግበው ነበር፤ ዓመትም ብትቀመጥ ምንም አይሆንም። እየቆጠብክ ነው የገደልከው መምህር።»

ሚስቱ ባሏን አየችው። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምት በፊት።»

ጫማውን ለእናቷ ልታደርግላቸው ተመልሳ ገባች።

ታክሲው ሁለት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው መጣ። አሁን የሚፈለገው ሹፌሩ ሳይሆን ባትሪው ነበር። ፊውዝ ገመዱን ሲዘረጋ ሹፌሩ ወርዶ የታክሲው ክዳን ላይ እጁን ጫነ። የኤሌክትሪክ መኪና ነዳጅ የለውም፣ የሚኖረው ኤሌክትሪክ እየጠጣ ነው፣ የእኔን ባትሪ በአንድ ትንፋሽ ጭልጥ ያደርገዋል አለ። ፊውዝ የሚነካው ትንሹን ብቻ እንደሆነ፣ እሱም እንደ ራሱ ታክሲ አሥራ ሁለት ቮልት እንደሆነ ነገረው። ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አሰልጣኙን ትኩር ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? ሦስቴ የጣሉኝ?»

«የጣለህ ፈታኙ ነው» አለ አሰልጣኙ። «እኔ ሦስቴም ታልፋለህ ብዬ ነው የላክሁህ።»

ሹፌሩ ይህን ለማመን ጊዜ ወሰደበት። አሰልጣኙ ገመዱን ከፊውዝ ተቀብሎ ቀዩን ጫፍ ሰጠውና እንደማንኛውም ተማሪ ቅደም ተከተሉን ንገረኝ አለው። ሹፌሩ ሳይወድ፣ ቀይ ከሞተው፣ ቀይ ከደህናው፣ ጥቁር ከደህናው፣ የመጨረሻው ጥቁር ከባዶ ብረት አለ። ትክክል ነበር። ራሱ ከተናገረው በኋላ መከልከል አሳፈረውና እጁን ከክዳኑ ላይ አነሣ።

ገመዱ ተያይዞ ታክሲው ሲነሣ አሰልጣኙ ፍሬን ረግጦ ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ፊውዝ እጁን አንሥቶ ጠብቅ አለው። አምስት ደቂቃ ጠበቁ። ሚስቱ እናቷን ከጎረቤት ጋር ተጋግዛ በእንጨት ወንበር ወደ ደጃፉ አውጥታቸዋለች፤ አማቱ የት እንደሚያዩ ሳያውቁ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረዋል። ሁለተኛ ሲጫነው የበሩ እጀታዎች አራቱም በአንድ ጊዜ ብቅ አሉ፤ አረንጓዴው የዝግጁነት መብራትም በራ። ሰባ ስምንት ከመቶ ይላል። ዕቃ መጫኛው ተከፈተ።

ፊውዝ ገመዱን እየጠቀለለ ዋናውን ነገር ነገራቸው። መኪናው እንዳይጠፋ። ትንሹ ባትሪ አልቋል፣ ትልቁ እየመገበው ነው የቆመው፤ ከጠፋ ሁለተኛ ላይነሣ ይችላል። ሆስፒታል ስትደርሱም እንደተነሣ ይቆይ፣ ሰውም ከውስጡ አይጥፋ፤ ስትመለሱ በቀጥታ እኔ ጋ አምጡት፣ አዲሱ ባትሪ ቶሎ ካልተገኘ እዚያው ያድራል አላቸው።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ወጡ። መንገዱ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። አሰልጣኙ ይነዳል፤ ሚስቱ ከጎኑ ናት፤ አማቱ ከኋላ ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ሬዲዮውን ማንም አልከፈተውም። ሁለተኛው መብራት ላይ ሲቆሙ ሚስቱ በፊት መስታወቱ ወደ ውጭ እያየች ተናገረች።

«እኔ በዚያ ሰዓት እማዬን ብቻዬን ነው የማነሣት።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አሰልጣኙ ያን ሰዓት ያውቀዋል። አማቱ ገላቸውን የሚታጠቡበት፣ ከአልጋ ወደ በርጩማ፣ ከበርጩማ ወደ አልጋ የሚመላለሱበት ሰዓት ነው። እሱ ሲገባ ሁልጊዜ ታጥበው፣ ልብስ ለውጠው፣ ፀጉራቸው ርሶ ያገኛቸዋል። ሚስቱ ሁልጊዜ ወገቧን ይዛ ትቀበለዋለች። «ምንም አልሆነም» የሚለው ነገር ወደ አፉ መጣ፤ መልሶ ዋጠው።

«ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው» አለች። «ያን ብቻ ነው የምለው።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቅህን አውቃለሁ።»

መብራቱ ለቀቃቸው። ጥቂት እንደሄዱ አማቱ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደ ልማዳቸው ቃላቸውን አንድ በአንድ፣ የሚተይብላቸው ሰው ያለ ይመስል ነው የሚናገሩት።

«እኔም ልመስክር። ይህ መኪና ድምፅ የለውም ትላላችሁ። የግቢው ጠጠር ግን አለው። በየቀኑ ሲገባ እሰማዋለሁ። ከዚያ የበር ድምፅ እጠብቃለሁ፤ የለም።»

«እማዬ፣ አንቺም ታውቂ ነበር?» አለች ልጃቸው።

«መጀመሪያ ለእኛ የማያካፍለን ነገር የሚበላ መሰለኝ። ኋላ ግን የሬዲዮው ድምፅ ሽው ሲል ሰማሁ። አለመናገሬ ጥፋት ከሆነ ጥፋተኛ ነኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁለታችሁም የደከማችሁት በእኔ ነው። በየትኛው አፌ ልክሰስ?»

አሰልጣኙ አንድ ጊዜ በመስታወቱ ወደ ኋላ አያቸው፤ አማቱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ቢገልጡትም ብዙ ለውጥ አልነበረውም።

ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል። ጥበቃው በግንብ አጥሩ ሥር የመኪና ማቆሚያ ቦታ አሳያቸው። አሰልጣኙ ተሽከርካሪ ወንበሩን አውጥቶ ዘረጋ፣ ከሚስቱ ጋር በብብታቸውና በጉልበታቸው ይዘው አማቱን አስቀመጧቸው። አብረው ሲያነሡ ቀላል ነበሩ። ከዚያ ሁለቱ ቆመው ተያዩ፤ ከመኪናው ጋር አንድ ሰው መቅረት አለበት።

«አንተ ውጣ፤ ዳገት ነው» አለች። «እኔ እቀመጣለሁ።»

ካርዱን ሰጠችውና በሹፌሩ በር ገባች። እሱ ወንበሩን መግፋት ሲጀምር መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ይሄ ወንበር እንዴት ነው የሚያስተኛው?»

ተመልሶ ከመቀመጫው ጎን ያለውን ቁልፍ አሳያት። ወደ ኋላ ተጫነችው። መቀመጫው ቀስ እያለ ከእሷ ጋር ወረደ፤ እሷም ጣሪያውን እያየች «በቃ ሂድ» አለችው።

መተላለፊያው ካሰበው በላይ ይረዝማል። ግማሹ ላይ ቀኝ እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወንበሩን በዳሌው ደግፎ ትንፋሽ ወሰደና ቀጠለ። አማቱ ከባድ ነኝ ወይ ብለው ጠየቁት። አይደሉም እማማ አላቸው። የሐሰት ምስክርነት ነው አሉት። መዝገብ ክፍሉ መስኮት ጋ ሲደርሱ ጸሐፊዋ ዝርዝሩን ልታጥፍ እየተዘጋጀች ነበር። ሰዓቷን አየች፣ እነሱን አየች፣ ካርዱን ተቀብላ ስማቸው ጎን ምልክት አደረገች። ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆኑ።

አማቱን አምስት ሰዓት ላይ አስገቧቸው። አሰልጣኙ ወደ ሚስቱ ሄዶ ገብተዋል ሊላት ወረደ። መኪናው በግንቡ ጥላ ሥር እንደተነሣ ነው፤ አረንጓዴው መብራት በመስኮቱ ይታያል። ሚስቱ አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተኝታለች። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ በቀን ስትተኛ አይቷት አያውቅም። መስኮቱን ሊነካ የዘረጋውን እጅ መለሰ። ጥበቃው ምን ፈለግህ በሚል ዓይን ሲያየው በምልክት ምንም አለውና ዳገቱን እንደገና ወጣ።

ቀዶ ሕክምናው አርባ ደቂቃ ወሰደ። ነርሷ አማቱን ቀኝ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ አወጣቻቸው፤ ሞራው ጠጥሮ ቢያስቸግርም ወጥቷል፣ ምን ያህል እንደሚያዩ ግን ፋሻው ሲነሣ ነው የሚታወቀው አለች። አማቱ ልጄ የት አለች ብለው ጠየቁ። መኪናው ውስጥ ተኝታለች አላቸው። ተዋት አሉ። በመተላለፊያው አፍ ላይ ጎን ለጎን ሆነው ጠበቋት፤ እሳቸው ተሽከርካሪው ወንበር ላይ፣ እሱ አግዳሚው ላይ።

ፋሻው የሚነሣው በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ፊውዝ አዲሱ ባትሪ ዛሬ አይገኝም ብሎ ስለደወለ መኪናው እሱ ጋ ያድራል፤ አሰልጣኙ ዛሬ ማታ በቀጥታ ቤት ይገባል፣ ጠዋት ሦስቱም በታክሲ ይመጣሉ።